ከቀዶ ጥገናው በኋላ፦ የኢሊዮስቶሚ ታሪክና የባሮ ቆላ

ጋምቤላ ቀድሞ የምትታወቀው በወንዟ ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መሠረት በባሮ ዳር የተቋቋመው የንግድ ጣቢያ፣ ክረምት ገብቶ ውሃው ሲሞላ ከካርቱም የሚመጡትን መርከቦች ያስተናግድ ነበር። ቡና ይወጣበታል፤ ጨው ይገባበታል። ሱዳን በ1956 እ.ኤ.አ. ነጻ ስትወጣ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። ዛሬ ጽኑ ሕመምተኛ ወደ አዲስ አበባ የሚደርስበት ፈጣኑ በር ከከተማው ወጣ ብሎ የሚገኘው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የአንጀት ቀዶ ጥገና ያለፈበትን ውጣ ውረድ ከዚህ በር ሆኖ መመልከት፣ በሌላ ሥፍራ የማይታዩ ሁለት ነገሮችን ያሳያል፤ እነርሱም ሙቀትና አየር ናቸው።

አልሰራቲቭ ኮላይተስ የሚባለውን የትልቁ አንጀት ቁስለት በ1859 እ.ኤ.አ. በዚህ ስም የጠራው የለንደኑ ሐኪም ሳሙኤል ዊልክስ ነው። ሕመሙ በትልቁ አንጀት የተወሰነ በመሆኑ፣ አንጀቱ ተቆርጦ ከወጣ ሕመሙም አብሮ ይወጣል። በ1913 እ.ኤ.አ. የሴንት ሉዊሱ ጆን ብራውን የትንሹን አንጀት ጫፍ በሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ የማውጣትን ዘዴ፣ ማለትም ኢሊዮስቶሚን፣ ለዚህ ሕመም አዋለው።

መከራው የሚጀምረው ግን ከዚያ በኋላ ነበር። ከሆድ ውጭ ጥቂት ሴንቲሜትር ተንጠልጥሎ የሚቀረው አንጀት፣ የውጭ ልባሱ በምግብ አፍጪ ፈሳሽ እየራሰ ይቆጣል፤ ይደድራል፤ አፉም ይጠባል። አንጀቱ በከፊል ሲዘጋ ከበላዩ የተጠራቀመው ውሃ በቀን በብዙ ሊትር ይጎርፋል። ከሕመሙ የዳነው ሰው እንዲህ ሆኖ በውሃና በጨው እጦት ይደክም፣ አንዳንዴም ይሞት ነበር። ዋረንና ማኪትሪክ ይህንን በ1951 እ.ኤ.አ. በቦስተን በዝርዝር ገለጡ። በተከታዩ ዓመት የበርሚንግሃሙ ብራያን ብሩክ፣ የአንጀቱን ጫፍ እንደ እጅጌ ወደ ውጭ ቀልብሶ የውስጡን ልባስ ከቆዳው ጋር ሰፋው። አዲስ መሣሪያ አላስፈለገም፤ አዲስ መድኃኒትም አልተሻም። ጥቂት ስፌት ብቻ ነበር፤ ይሁን እንጂ ለመገኘት አርባ ዓመት ያህል ፈጅቷል።

ለቆዳውና ለከረጢቱ አያያዝ ደግሞ ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። የክሊቭላንዱ ሩፐርት ተርንቡል በ1958 እ.ኤ.አ. ይህን ሥራ የሰጠው ለኖርማ ጊል ነው፤ እርሷ ራሷ በዚሁ ሕመም ምክንያት ኢሊዮስቶሚ የተሠራላት የእርሱ ታካሚ ነበረች። በ1978 እ.ኤ.አ. ፓርክስና ኒኮልስ ከትንሹ አንጀት የውስጥ ከረጢት ሠርተው ከፊንጢጣ ጋር በማገናኘታቸው የውጭው ከረጢት ለብዙዎች ቀረ። በምትኩ የስፌት ማፍሰስ፣ በዳሌ ውስጥ መግል መቋጠርና የውስጥ ከረጢቱ መቆጣት መጡ።

በኢትዮጵያ ቀዶ ሐኪሞችን ይበልጥ የሚያጋጥማቸው ኮላይተስ ሳይሆን የትልቁ አንጀት መጠምዘዝ ነው፤ የሞተው ክፍል ተቆርጦ ጫፉ ወደ ውጭ የሚወጣበት ጊዜም አለ። ይሁን እንጂ ከትልቁ አንጀት የሚወጣው ጠጠር ያለ ሲሆን፣ ከትንሹ አንጀት የሚወጣው ፈሳሽ ነው። ኢሊዮስቶሚ ያለው ሰው፣ ደኅና በሆነበት ጊዜ እንኳ፣ በቀን ከግማሽ ሊትር የሚበልጥ ጨዋማ ውሃ ያጣል። የጋምቤላ ሙቀት በበጋው መጨረሻ 40 ዲግሪ ሲደርስ ላብ ይጨመርበታል። ጥሙን ለመቁረጥ ንጹሕ ውሃ ብቻ አብዝቶ ቢጠጣ የሚወጣው ፈሳሽ ይበዛል፤ ጨዉም ተከትሎት ይሄዳል። የሚበጀው ለኮሌራና ለተቅማጥ የተዘጋጀው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው፤ ጨውና ስኳር አብረው ሲገቡ ትንሹ አንጀት ውሃውን ይስባልና። ጨው በመርከብ ይገባባት በነበረችው ከተማ የሕመምተኛው ሕይወት በጨው መንጠልጠሉ የታሪክ ግጥምጥሞሽ ነው።

ሁለተኛው ነገር አየር ነው። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ስትገኝ፣ የአውሮፕላን ውስጥ ግፊት እስከ 2400 ሜትር ከፍታ ካለው ጋር ሊስተካከል ይችላል፤ በአንጀት ውስጥ የታሰረ አየርም ሩብ ያህል ይነፋል። በሌላ መሥመር አውሮፕላኑ ሲወርድ እብጠቱ ይመለሳል። አዲስ አበባ ግን ራሷ ከ2300 ሜትር በላይ በመሆኗ፣ ከጋምቤላ የተነሣው ሆድ እንደ ተነፋ ያርፋል። ከአዲስ አበባ ታክሞ የሚመለሰው ሰው በአንጻሩ ከመነሻው የባሰ እብጠት አይገጥመውም። ስለዚህ አንጀቱ የተዘጋ ሕመምተኛ ከጋምቤላ በአየር ሲላክ፣ በአፍንጫ በኩል ወደ ጨጓራ ቱቦ የሚገባለት ከመሳፈሩ በፊት ነው፤ ከረጢት ያለውም እንደዚሁ ከረጢቱን ባዶ አድርጎ ይሳፈራል።