«ጨረር አለው» ሲባል የትኛው ጨረር? ከኢብኑል ሀይሠም እስከ ፎቶን

«ስልክ አጠገብህ አድርገህ አትተኛ፣ ጨረር አለው» የሚል ምክር ያልሰማን የለንም። ግን የአምፖሉ ብርሃንም፣ የሬዲዮው ሞገድም፣ ሆስፒታል የምንነሳው ራጅም ጨረር ነው። ታዲያ የቱን እንፍራ? ታሪኩን ከሥሩ እንያዘው።

ከ1000 ዓመት በፊት ብዙ ሊቃውንት የምናየው ከዓይናችን ጨረር ስለሚወጣ ነው ይሉ ነበር። የበስራው ተወላጅ ኢብኑል ሀይሠም ግን «ኪታቡል መናዚር» በተሰኘው ሥራው ብርሃን ከነገሮች ወደ ዓይን እንደሚመጣ በሙከራ አስረዳ። ብርሃኑ ራሱ ምንድን ነው የሚለው ገና አልተፈታም ነበር።

በ1820 እ.ኤ.አ. ዴንማርካዊው ኧርስቴድ በሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ አጠገቡ ያለው የኮምፓስ መርፌ ሲዞር አየ። ኤሌክትሪክና ማግኔት ዝምድና እንዳላቸው ታወቀ። በ1845 ፋራዴይ ማግኔት በመስታወት ውስጥ በሚያልፍ ብርሃን ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ አሳየ። በ1865 ማክስዌል የኤሌክትሪክና የማግኔትን ሞገድ ፍጥነት ቢያሰላው ከብርሃን ፍጥነት ጋር ገጠመ፤ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ። ብርሃንም ከዚሁ ሞገድ አንዱ ነው ማለት ነው።

ጀርመናዊው ኸርዝ ከ1887 ጀምሮ በሠራቸው ሙከራዎች ዛሬ የሬዲዮ ሞገድ የምንለውን አመንጭቶ ተቀበለ። የሚገርመው፣ እዚያው ላይ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲያርፍ የኤሌክትሪክ ብልጭታው በቀላሉ እንደሚዘል አስተዋለ። ይህን መሰሉን ነገር ሞገድ ብቻውን ሊያብራራው አልቻለም። በ1905 አንስታይን መፍትሔ አመጣ፦ ብርሃን ጉልበቱን የሚሰጠው በጥቃቅን እሽጎች ነው፤ የሞገዱ ድግግሞሽ ሲጨምር የእሽጉም ጉልበት ይጨምራል። ይህ እሽግ በኋላ «ፎቶን» ተባለ።

የጥያቄያችን መልስ ያለው እዚህ ነው። በ100 ሜጋኸርዝ የሚያሰራጭ ኤፍኤም ሬዲዮ አንዱ ፎቶን ከአንድ የአረንጓዴ ብርሃን ፎቶን 5 ሚሊዮን እጥፍ ገደማ ያነሰ ጉልበት አለው። የስልክም ፎቶን ከሚታይ ብርሃን እጅግ ያነሰ ነው። የሬዲዮ ሞገድ ሲበረታ ሊያሞቅ ይችላል እንጂ እንደ ራጅና ጋማ ጨረር ኤሌክትሮንን ከአቶም አይነቅልም። ዘረመልን ሊጎዳ የሚችለው ያ መንቀል ነው፤ በራጅ ክፍል በር ላይ ማስጠንቀቂያ የሚለጠፈውም ለዚሁ ነው። አልፋና ቤታ ደግሞ ጨረር ቢባሉም ፎቶን አይደሉም።

ኢብኑል ሀይሠም የታላቁን የበጥሊሞስን መጻሕፍት ሳይቀር መርምሮ ያላሳመኑትን ነጥቦች ጽፏል። እኛ ግን በቴሌግራም የደረሰንን ማስፈራሪያ ሳናጣራ ለአሥር ሰው እንልካለን። ከእንግዲህ «ጨረር አለው» ሲሉን «የትኛው?» ብለን እንጠይቅ።