የጃንሆይ ሰዓት ቁጥር ምን ይናገራል?

በኅዳር 2010 ዓ.ም. ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ድርጅት ጄኔቫ ላይ አንድ የወርቅ የእጅ ሰዓት ወደ 2.9 ሚሊዮን በሚጠጋ የስዊዝ ፍራንክ ሸጠ። ሰዓቱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር፤ ጥቁር ገጽ ያለው ፓቴክ ፊሊፕ፣ ሞዴል 2497። ከዚያ በፊት በግንቦት 2007 ዓ.ም. ለጨረታ ሊቀርብ ሲል የባለቤትነት ጥያቄ ተነሥቶበት ከሽያጭ ወጥቶ ነበር።

ለመሆኑ እንዲህ ያለ ሰዓት ዕድሜው በምን ይታወቃል?

መልሱ ያለው ከክዳኑ በታች ነው። ፋብሪካው ለማሽኑ አንድ፣ ለወርቁ ቀፎ ደግሞ ሌላ ቁጥር ይሰጣል። ሁለቱም በመዝገቡ ላይ ስለሚሰፍሩ፣ ብረቱና መዝገቡ ካልተስማሙ በመሃል የሰው እጅ ገብቷል ማለት ነው። ለ2497ና ለመንትያው 2438/1 የተሠሩት ማሽኖች ሁሉም ተደምረው 179 ብቻ ናቸው፤ ቁጥራቸውም ከ888,000 እስከ 888,178 ነው። ከዚህ ውጭ የሆነ ቁጥር ይዞ የመጣ ሻጭ ብዙ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

ቀፎውም ይናገራል። የሄልቬቲያ ራስ ያለበት ማኅተም ወርቁ ባለ 18 ካራት መሆኑን ያሳያል። በትንሽ የቁልፍ ሥዕል ውስጥ ያለው ቁጥር ደግሞ የሠሪው ነው፤ 9 ከሆነ ቪሼ፣ 1 ከሆነ ቬንገር። የዚህን ሞዴል ቀደምት ቀፎዎች የሠራው ቪሼ፣ የኋለኞቹን ቬንገር ስለሆነ ቁልፉ ብቻውን ዘመኑን ያጠብበዋል። በክዳን ላይ የተቀረጸ ስም ወይም ዘውድ ግን ደካማ ማስረጃ ነው፤ መቅረጫ ያለው ሁሉ በማንኛውም ዓመት ሊቀርጸው ይችላል።

አንድ ወጥመድ አለ። ንጉሠ ነገሥቱ ስዊዘርላንድን የጎበኙት በኅዳር 1947 ዓ.ም. ነው፤ በጄኔቫ መዝገብ ይህ 1954 ይባላል። 1954ን እንደኛ አቆጣጠር ያነበበ ሰው ሰዓቱን ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ያደርገዋል። ሰዓቱ ራሱ የወሩን መጨረሻ ያውቃል፣ የካቲታቸው 28 ይሁን 29 ሳይሳሳት እስከ 2100 እ.ኤ.አ. ይቆጥራል። ጳጉሜን ግን አያውቅም።

ፋብሪካው ከመዝገቡ ለሚጠይቅ ሰው የተሠራበትን ዓመትና የተሸጠበትን ቀን ጽፎ ይሰጣል፤ የገዢውን ስም አይጨምርም። ስለዚህ ቁጥሩ ሰዓቱን እስከ ፋብሪካው በር ድረስ ይሸኘዋል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሡን ከዙፋን ካወረደ በኋላ የቤተ መንግሥት ንብረት በማን እጅ እንደገባ ግን የትኛውም ማኅተም አይነግረንም። የ2007ቱን ጨረታ ያስቆመውም የዕድሜ ጥርጣሬ አልነበረም። ይህን የሚመልሰው የአገር ቤት ሰነድ ነው፦ የርክክብ ደረሰኝ፣ የንብረት ዝርዝር፣ ፎቶግራፍ።

ጃንሆይ ሰዓት ይሸልሙ ስለነበር ነገሩ የጄኔቫ ብቻ አይደለም። ሁሩታ ውስጥ ከአባቱ ሳጥን የሽልማት ሰዓት ያገኘ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ አዳማ ወስዶ ማስወልወል ሊሆን ይችላል። መወልወያው ግን ከጭረቱ ጋር ማኅተሙንም ይበላል። ስለዚህ መጀመሪያ ክዳኑን ሰዓት ሠሪ ይክፈትለት፣ ቁጥሮቹንና ማኅተሞቹን ፎቶ ያንሳ፣ ሽልማቱን ማን ለማን መቼ እንደሰጠ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት እያሉ የሚሉትን ጽፎ ያስፈርማቸው።