ዋልያ፦ ከስሜን ተራሮች በቀር የትም የማይገኝ እንስሳ

ከስሜንና ከወገራ የመጡ ሽማግሌዎቻችን ዋልያን ያውቁታል። አሽቀሎን የተወለዱት የልጅ ልጆቻቸው ግን ስሙን ቢሰሙ ከእግር ኳስ ነው፤ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን «ዋልያዎቹ» ይባላልና።

ዋልያ የፍየል ዘመድ የሆነ የዱር እንስሳ ነው። ጠጉሩ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ሆዱ ነጣ ያለ ነው። ወንዱ ጺም አለው፤ ወደ ኋላ የተቆለመመው ቀንዱም ከአንድ ሜትር ሊበልጥ ይችላል። የሴቷ አጭርና ቀጭን ነው። ከ2,500 ሜትር በላይ ባለው ገደል ላይ ሣር፣ ጓሳና አስታ እየበላ ይኖራል። ሴቷ አምስት ወር ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ግልገል ትወልዳለች። ስለዚህ ቁጥሩ አንዴ ከወረደ ቶሎ አይመለስም።

ዙሪያውን ቆላ፣ እርሻና መንደር ስለከበበው በደሴት ላይ እንዳለ ፍጥረት ነው፤ ወደ ሌላ ተራራ አይሻገርም። በአራዊት ማቆያ የሚረባ ዋልያም የለም። ከስሜን ከጠፋ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው።

ጣሊያን ኢትዮጵያን በወረረበት ዘመን ጠመንጃ በመብዛቱ አደኑ ከፋ፤ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የቀሩት 150 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ1969 ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ፣ በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። በ1996 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ተቆጠረ፤ የዋልያው ቁጥር ካገገመ በኋላ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። ለዚህ ሲባል የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ሰው ከኖረበት ሲነሳ ምን እንደሚከተል ለእኛ ማኅበረሰብ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የዋልያው ታሪክ ሲነገር የእነርሱም መነገር አለበት። ከ2020 ወዲህ በሰሜኑ ጦርነትና ግጭት ጥበቃው ላልቶ የዋልያው ቁጥር እንደገና ክፉኛ ቀንሷል።

የዋልያ የቅርብ ዘመድ እዚሁ አገራችን አለ፤ በዕብራይስጥ ያዔል ይባላል። ንጉሥ ዳዊት ከሳኦል ሸሽቶ በተደበቀበት በዔን ጌዲ፣ በሚጽፔ ራሞንም በቀላሉ ይታያል። ከአሽቀሎን ዔን ጌዲ በመኪና ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ልጆች በትምህርት ቤት የ«ሾራሺም» ሥራ ሲታዘዙ አያትን ይዞ መሄድ ይቻላል። ልዩነቱን አያት ይንገሩ፦ ያዔል አሸዋ መሰል ቀለም ያለውና አነስ ያለ ነው፣ ዋልያ ግን ጠቆር ብሎ ይገዝፋል።