ባሕሩ ጥሎን ሲሄድ

ልጅ ሆነን ለኤረር ልጆች ባሕር ማለት ባቡር ነበር። ከጅቡቲ የመጣው ጣቢያው ላይ ሲቆም የሚወርደው ተሳፋሪ ጨርቁን፣ ሽቶውን፣ ቴምሩን ይዞ ይወርዳል፤ እኛም “ከባሕር መጣ” እንላለን። ባሕር የሚባለውን ነገር ግን አንዳችንም በዓይናችን አላየነውም።

አንድ ቀን ለቤት መሠረት ከተራራው ተጭኖ ከመጣ የኖራ ድንጋይ መሀል የባሕር ዛጎል የታተመበት ቁራጭ አገኘሁ። ሩጬ ጡረታ ለወጡት የባቡር ሠራተኛ ጎረቤታችን ወሰድኩላቸው።

“ጋሼ፣ ይሄ ከየት መጣ?”

አገላብጠው አዩትና “የባሕር ነው። ባቡር አምጥቶት ይሆናላ! ሌላ ምን ያመጣዋል?” አሉኝ።

አመንኳቸው። ለካ ነገሩ ተገላቢጦሽ ኖሯል። ባቡሩ ኤረር ሳይደርስ ባሕሩ ራሱ መጥቶ፣ ኖሮ፣ ተመልሶ ሄዷል። ከ150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በዳይኖሰሮች ዘመን፣ ኦጋዴንም የሐረር ተራሮች ያሉበትም ምድር በባሕር ተሸፍኖ ነበር። የዛጎሉና የሌላው የባሕር ፍጡር ቅሪት እላይ በላይ ተደራርቦ ኖራ ድንጋይ ሆነ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የድሬዳዋ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲፈጭ የኖረው ይሄንኑ ድንጋይ ነው። የአገራችን የስንቱ ሰው ቤት ግድግዳ የጥንት ባሕር ወለል እንደሆነ ልብ ይሏል!

ካርታ ላይ የባሕር ዳርቻ በቀጭን መስመር ተሰምሮ ስለምናየው የማይነቃነቅ ይመስለናል። ዳርቻ ግን ድንበር አይደለም፤ ሙግት ነው። ወንዝ አፈር እያመጣ ባሕሩን ይገፋል፤ ማዕበል መልሶ ይቦረቡረዋል፤ ዛጎል ሠሪው ኮራል ከውኃ በታች ድንጋይ ይገነባል፤ ምድርም ከሥር ሆና አንዱን ወገን ታነሣለች፣ ሌላውን ታሰምጣለች።

ይሄ የጥንት ተረት እንዳይመስላችሁ 1998 ዓ.ም.ን አስታውሱ። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ ምድር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ላይ ተላቀቀች፤ አንዳንዱ ቦታ እስከ 8 ሜትር ተራራቀ። ለዚያ የፈጀባት ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። የዓለም ሳይንቲስቶች ጎረፉ፤ “ከሚሊዮን ዓመታት በኋላ እዚህ ባሕር ይገባል” አሉ። ገብቶም ያውቃል እኮ! ከ120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር ከፍ ብሎ ደናክልን ሞልቶት ነበር። ኮራሉ ዛሬም በበረሃው ጠርዝ ላይ ደርቆ ቆሟል። ኋላ የባሕሩ መግቢያ ሲዘጋ ውኃው ተነነ፤ ጨው ቀረ። አባቶቻችን አሞሌ ብለው በገንዘብ ምትክ የተገበያዩበት ጨው የዚያ የሄደ ባሕር ውርስ ነው።

የዚያው ዓመት ሐምሌ ሲያልቅ ደግሞ ደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋን መታ። ከሁለት መቶ በላይ ሰው አለቀ። ጎርፉ ሲያልፍ የቀረው ደለል ነው፤ ቤት የቀበረ አሸዋ፣ ጭቃና ድንጋይ። ዛፍ ከተመነጠረበት ተራራ የወረደ አፈር መሆኑ ነው። ያንን ያየ ሰው የአዱሊስን ነገር ለመረዳት አይቸገርም።

አዱሊስ የአክሱም መንግሥት ወደብ ነበረች። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን አካባቢ አንድ የግሪክኛ ጸሐፊ የቀይ ባሕርን ንግድ ሲዘረዝር፣ መርከቦች ቀድሞ የሚቆሙት በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ዲዮዶሮስ በምትባል ደሴት አጠገብ ነበር ይላል። ደሴቲቱ ከየብስ በእግር ይደረስባት ስለነበር የአገሩ ሰው እየመጣ ያጠቃቸዋል፤ ስለዚህ ራቅ ወዳለች ሌላ ደሴት ተዛወሩ። ተመራማሪዎች ያቺ የጥንት ደሴት ዛሬ በየብስ መሀል ያለው የገላላ ኮረብታ ሳትሆን አትቀርም ይላሉ። ከደጋው የሚወርደው ጎርፍ ዙሪያዋን ሞልቶ ደሴቲቱን ኮረብታ አደረጋት። የአዱሊስ ፍርስራሽም ዛሬ ከባሕሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ደለል ውስጥ ተኝቷል። ለአዱሊስ መውደቅ ጦርነቱም፣ የንግዱ መንገድ መቀየሩም ምክንያት ነው፤ ደለሉ ግን ለማንም ሳያዳላ ሥራውን ይሠራ ነበር።

ወደ እኛ ሰፈር ስንመለስ ደግሞ ዘይላን እናገኛለን። የሐረር ቡና፣ ቆዳና የዝሆን ጥርስ በግመል የኢሳን ምድር አቋርጦ የሚወርደው ወደ ዘይላ ነበር። ታዲያ የዘይላ ባሕር ጥልቀት የለውም፤ ትልቅ መርከብ ራቅ ብሎ ቆሞ ዕቃው በጀልባ ይመላለሳል። ግመልና የሸራ ጀልባ በነገሡበት ዘመን ይሄ ችግር አልነበረም። የእንፋሎት መርከብ ሲመጣ ግን ችግር ሆነ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1888 ግድም ጅቡቲን ሲመሠርቱ የመረጡት ኮራል የሠራውን፣ መርከብ የሚያስጠጋውን ቦታ ነው። ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ውል ለኢልግ ሰጡ፤ ሐዲዱም ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገባ፤ ኋላም በኤረር በኩል ወደ ምዕራብ አለፈ። የዘይላ ገበያ ደረቀ። በእርግጥ ፖለቲካው ብዙ ሠርቷል፤ ነገር ግን ከሥሩ የኮራልና የአሸዋ ነገር አለበት። እነዚያ ዓይን የማይሞሉ የባሕር ነፍሳት ዘይላን ከባቡሩ መንገድ ያስወጧት፣ ኤረርን ጣቢያ ያደረጓት ይመስለኛል።

ኤረርም የዳርቻ ከተማ ሆነች ማለት ነው፤ ዳርቻዋ ሐዲዱ ነበር። ሻይ አፍይታ የምትሸጠውም፣ ፍራፍሬ በቅርጫት የሚያቀርበውም፣ ተሸካሚውም ኑሯቸው ከዚያ መስመር ነበር። አሮጌው ባቡር በ2000 ዓ.ም. ግድም ወደ አዲስ አበባ መመላለሱን ሲያቆም ያ ጣቢያ ውኃው የሸሸበት ወደብ መሰለኝ። በ2010 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሥራ ጀመረ፤ ግን ያ እንደ ልጅነታችን ባቡር አይደለም፤ ሻይ ቸርቻሪዋን አያውቃትም።

ስለ ባሕር በር ዛሬ በየመድረኩ ስንከራከር ስሰማ ይሄ ሁሉ ትዝ ይለኛል። ክርክሩን አልንቅም፤ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ ያለ ወደብ መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ወደብ በውል ቢገኝ እንኳ በውል ብቻ አይኖርም፤ ደለል ይሞላዋል፣ ኮራሉ ይሞታል፣ ከፍ እያለ ያለው የዓለም ባሕር ይወጣበታል። ሐረርጌ ተራራ ላይ የተቆረጠው ዛፍና ድሬዳዋ ላይ የቆመው ጭቃ አንድ ጉዳይ ናቸው፤ ያንን ያልተቆጣጠረ አገር ወደብን እንዴት ሊጠብቅ ነው?

ጋሼ አርፈዋል። ድንጋዩ አሁንም መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ተቀምጧል። እንግዳ አንሥቶ “ከየት መጣ?” ሲለኝ፣ መጀመሪያ የምሰጠው መልስ አሁንም የእሳቸው ነው።

“ባቡር አምጥቶት ይሆናላ!”