በግሥ ጫፍ የተደበቀ ቃል

ኮሎምበስ ከፓሎስ ወደብ በተነሣ በ15ኛው ቀን፣ ኦገስት 18 ቀን 1492 እ.ኤ.አ.፣ አንቶኒዮ ዴ ኔብሪሃ የስፓኒሽን ሰዋስው በሳላማንካ አሳተመ። ያኔ በትምህርት ቤት ሰዋስው ማለት የላቲን ሰዋስው ነበር። ኔብሪሃ ግን ሕዝቡ በየቤቱ የሚናገረውን ግሥ አረባ። ከታዘባቸው ነገሮች አንዱ ዛሬም ያስደንቃል፦ የትንቢት ግሥ አንድ ቃል ይምሰል እንጂ የሁለት ቃላት ስፌት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከላቲን ነው። በላቲን «ካንታቢት» ይዘፍናል፣ «ካንታቪት» ደግሞ ዘፈነ ማለት ነበር። በሕዝቡ አፍ «ብ» እና «ቭ» ሲቀላቀሉ የሚመጣው ካለፈው ጋር ተምታታ። ተናጋሪው ግን መላ አላጣም፤ «ካንታሬ ሃቤኦ» ይል ጀመር፤ በእኛ «መዝፈን አለብኝ» እንደማለት ነው። «ሃቤኦ» በዘመናት ብዛት አጥሮ «ኤ» ሆነና ከ«ካንታር» ጫፍ ላይ ተሰፋ። የዛሬው «ካንታሬ»፣ ማለትም እዘፍናለሁ፣ እንዲህ ተወለደ።

በመካከለኛው ዘመን ስፌቱ ገና ስላልጠበቀ ተውላጠ ስም መሀል ይገባ ነበር፤ «ዳር ቴ ኤ» ይባል ነበር። መስጠት፣ ለአንተ፣ አለኝ ማለት ነው። አሁን የራሳችንን «እሰጥሃለሁ» ፍቱት፦ እሰጥ፣ ህ፣ አለሁ። ስፓኒሽ በኋላ ስፌቱን አጥብቆ ተውላጠ ስሙን ወደ ፊት አወጣው፤ አማርኛ ግን እስከ ዛሬ መሀል ላይ ይዞታል።

አራቱ የላቲን የግሥ ምድቦችም ወደ ሦስት ወረዱ፤ በ«አር»፣ በ«ኤር» እና በ«ኢር» የሚያልቁ ሆኑ። የቅኔ ቤት ሰዎች ዘንድ አንቀጽ ለሚሉት ዓይነት አነጋገር ስፓኒሽ አናባቢ ያለዋውጣል። «ካንታ» ይዘፍናል ነው፤ «እንዲዘፍን እፈልጋለሁ» ለማለት «ካንቴ» ይሆናል። «ኮሜ» (ይበላል) በተራው «ኮማ» ይሆናል። «ቢዘፍን» የሚለው «ካንታራ» ደግሞ በላቲን «ዘፍኖ ነበር» የሚል ያለፈ ድርጊት መግለጫ ነበር፤ ዛሬ የምኞትና የግምት አንቀጽ ሆኗል።

ስፓኒሽ የምትማሩ ወጣቶች፣ ሰንጠረዡን በቃላችሁ መያዛችሁ አይቀርም፤ ያዙት። ከመያዛችሁ በፊት ግን አንዴ ስፌቱን ፍቱት። «ካንታሬ»ን ከ«ካንታር» እና ከ«ኤ» ለይቶ ያየ ሰው የሌሎቹን ግሦች ትንቢት ለማርባት አይቸገርም፤ «እሰጥሃለሁ» ብሎ ያደገ ሰው ደግሞ ይህን ጥበብ ከእናቱ አፍ ተምሮታል።