ጅራፉ በማን እጅ ነው? ከድራኩላ ግንብ እስከ ካምፓላ የእሳት አደጋ ጣቢያ

«ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልስ ሕፃን የሚነገረው ተረት ምን እንደሆነ ገና አያውቅም። ጅብ ይምጣ ጦጣ፣ ንጉሥ ይምጣ መነኩሴ፣ የሚያውቁት አያቱ ብቻ ናቸው። ሕፃኑ ግን ከሁሉ የሚበልጠውን ነገር ዐውቋል፤ ወደ የትኛው ዓለም እንደገባና በዚያ ዓለም ውስጥ ምን መጠበቅ እንዳለበት ተረድቷል። ተራኪው ጦጣዪቱን ሞኝ፣ ጅቡን ብልህ ቢያደርግ በመጀመሪያ የሚቃወመው ያው ሕፃን ነው።

ለመሆኑ ለብዙ ዓመታት ሲነገር የኖረን ታሪክ፣ ተራኪው እየተለወጠ፣ ዘመኑም እየተለወጠ፣ «ያው ራሱ ነው» የሚያሰኘው ምንድን ነው? ጥያቄው የሥነ ቃል አጥኚዎች ብቻ አይደለም። ለአራት ዐሥርት ዓመታት ያህል አንድን የቪዲዮ ጨዋታ የተከተሉ አፍቃሪዎችም አጥብቀው ተከራክረውበታል። ክርክራቸው ደግሞ ከጨዋታው ሜዳ ወጥቶ፣ ባልታሰበ መንገድ፣ የካምፓላን የቅኝ ግዛት ዘመን ታሪክ ለመረዳት ይረዳል።

የግንቡ ታሪክ

ኮናሚ የተባለው የጃፓን ኩባንያ «አኩማጆ ድራኩላ» የተሰኘውን ጨዋታ ለሕዝብ ያቀረበው ሴፕቴምበር 26 ቀን 1986 ነበር (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ በጃፓንኛ «የሰይጣን ግንብ ድራኩላ» እንደማለት ነው። ወደ ምዕራቡ ዓለም ሲሻገር ግን ግንብ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልና ትራንሲልቫኒያ የሚለው የአገር ስም ተዳቅለው «ካስልቬንያ» ተባለ። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ስም ቤቱንም ባለቤቱንም ይጠራል፤ ሁለተኛው ባለቤቱን ትቶ ቤቱን ብቻ ያስቀራል።

የጨዋታው ነገር በአጭሩ የሚከተለው ነው። ዘመኑ 1691 ነው። ሳይመን ቤልሞንት የተባለ ሰው ከአባቶቹ የወረሰውን ጅራፍ ይዞ ብቻውን ወደ ድራኩላ ግንብ ይገባል። የሌሊት ወፍ፣ ከመቃብር የተነሡ ሙታን፣ የፍራንከንስታይን ፍጡር፣ በመጨረሻም ሞት ራሱ ማጭዱን ይዞ መንገድ ይዘጉበታል። እነዚህን ሁሉ ካለፈ በኋላ ከሬሳ ሣጥኑ የሚነሣውን ባለቤት ይገጥማል። ሠሪዎቹ ይህን ሁሉ ከየት እንዳመጡት አልደበቁም። በጨዋታው ማብቂያ ላይ የሚታዩት ስሞች የጥንታዊ አስፈሪ ፊልሞችን ተዋንያንና የድራኩላን ደራሲ የብራም ስቶከርን ስም ለቀልድ እያጣመሙ የጻፏቸው ናቸው።

አፍቃሪዎቹ የጨዋታውን መለያ ሲዘረዝሩ አብዛኛውን ጊዜ አራት ነገሮችን ያነሣሉ። የመጀመሪያው ግንቡ ነው። መግቢያ አዳራሹ፣ ጥርሳም መዘውሮቹ የሚሽከረከሩበት የሰዓት ማማው፣ ወደ ዙፋኑ የሚወስደው ረጅም ደረጃ በየክፍሉ ይመለሳሉ፤ ሆኖም ግንቡ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አያውቅም። ለዚህም ታሪኩ ራሱ ምክንያት አበጅቶለታል፤ ግንቡ የትርምስ ፍጡር ስለሆነ በየዘመኑ መልኩን ይለዋውጣል ይላል። ሁለተኛው የቤልሞንት ዘርና ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው ጅራፍ ነው። ሦስተኛው ሙዚቃው ነው። ኪኑዮ ያማሺታ ለመጀመሪያው ጨዋታ ካዘጋጀቻቸው ዜማዎች አንስቶ ሚቺሩ ያማኔ እስከደረሰቻቸው ድረስ፣ የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ግርማና የሮክ ሙዚቃ ፍጥነት አብረው ይሰማሉ። አራተኛው መመለስ ነው። ድራኩላ ይሞታል፤ መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ደግሞ ይነሣል። በዚህ ላይ አፍቃሪዎች ፈገግ ብለው የሚጨምሩት አምስተኛ ነገር አለ፤ የግንቡ ግድግዳ ሲፈርስ ከውስጡ የሚወጣው የተጠበሰ ሥጋ። ስንት ዘመን በግድግዳ ውስጥ እንደቆየ የሚጠይቅ የለም፤ ጀግናው በልቶት ይበረታል።

ዝርዝሩ ሲፈተን

ዝርዝር ማውጣት ቀላል ነው። አስቸጋሪው ዝርዝሩ በፈተና ጊዜ መቆሙ ነው። በ1997 የወጣውና «ሲምፎኒ ኦፍ ዘ ናይት» የተባለው ክፍል ጅራፉን ከዋናው ጀግና እጅ አውጥቶ ጣለው። ጀግናው አሉካርድ ቤልሞንት አይደለም፤ ስሙ የአባቱ ስም ተገልብጦ ሲነበብ የሚገኝ የድራኩላ ልጅ ነው። የሚዋጋውም በሰይፍ ነው። ደረጃ በደረጃ ወደፊት መጓዝ ቀርቶ ተጫዋቹ ግንቡን እየዞረ የሚመረምርበት ጨዋታ ሆነ። በዝርዝሩ ከተፈረደ ይህ ክፍል ከቤተሰቡ መውጣት ነበረበት። አፍቃሪዎች ግን እስከ ዛሬ ከምርጦቹ አንዱ አድርገው ይጠሩታል።

በ2010 ተቃራኒው ሆነ። በስፔኑ ሜርኩሪስቲም ድርጅት የተሠራው «ሎርድስ ኦፍ ሻዶው» ቤልሞንት የሚለውን ስም ይዟል፤ ጀግናው የሚዋጋበት መስቀልም እንደ ጅራፍ የሚወነጨፍ ሰንሰለት አለው። ታላላቅ ተዋንያን ድምፃቸውን ሰጥተውበታል፤ ገዢም አላጣም። ይሁን እንጂ ከነባሮቹ አፍቃሪዎች ብዙዎቹ «መልካም ጨዋታ ነው፤ ነገር ግን የእኛው አይደለም» አሉ። በዚህ አዲስ ታሪክ ውስጥ የቤልሞንት ሰው ራሱ ድራኩላ ይሆናል።

ሦስተኛው ማስረጃ ከሁሉም ይበልጣል። የ1997ቱን ክፍል ከሠሩት አንዱ የሆነውና በኋላ ተከታታዩን ለዓመታት የመራው ኮጂ ኢጋራሺ ከኮናሚ ከወጣ በኋላ፣ በ2015 አዲስ ጨዋታ ለመሥራት ከሕዝብ ገንዘብ ጠየቀ። ከ64 ሺህ በላይ ሰዎች ከ5.5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡለት። በ2019 የወጣው «ብለድስቴይንድ» የካስልቬንያን ስም መጠቀም አይችልም፤ ቤልሞንትም ድራኩላም የለበትም። አፍቃሪዎቹ ግን ገና በሩን ሳያልፉ የማን ቤት እንደሆነ ዐወቁ።

እንግዲህ መለያው ዕቃው አይደለም ማለት ነው። የተከታታዩ አጥንት በሁለት ወገኖች መካከል ያለው ግንኙነት ነው። በአንድ በኩል የማይሞት ጌታ አለ፤ ቤቱ ሰፊ ነው፣ ጊዜ የእርሱ ነው፣ የሚኖረውም በሌላው ደም ነው። በሌላ በኩል ለዚያ ጌታ ከመገዛት ይልቅ ወደ ቤቱ ገብቶ የሚገጥመው አለ፤ ከቀደሙት የተቀበለውን ይዞ ይገባል፣ ቢወድቅም ከበሩ ጀምሮ እንደገና ይነሣል። አሉካርድ ጅራፍ ባይዝም የአባቱን ውርስ እምቢ ብሎ የሰው ልጅ ከነበረች እናቱ ጎን ስለቆመ፣ አፍቃሪዎቹ ከጀግኖቹ ማኅበር ቆጠሩት። የ2010ሩ ቤልሞንት ደግሞ ስሙን ቢይዝም በመጨረሻ ከጌታው ወንበር ላይ ስለተቀመጠ ተጠራጠሩት። ጥያቄያቸው ቃል ባይወጣውም አንድ ነበር፤ ጅራፉ በማን እጅ ነው?

1897፦ ሁለት ከተሞች

ተከታታዩ በልብ ወለዱ የዘመን ስሌት ለ1897 ልዩ ቦታ ሰጥቶታል። የስቶከር ድርሰት የታተመው በዚያ ዓመት ነውና፣ በ1994 የወጣው ክፍል ከድርሰቱ ጀግኖች አንዱን ኩዊንሲ ሞሪስን የቤልሞንት ዘር አድርጎ፣ ድራኩላ በ1897 በእርሱ እጅ እንደወደቀ ይተርካል።

በእውነተኛው 1897 ለንደን ያነበበችው ታሪክ ከሩቅ ምሥራቅ አውሮፓ በመርከብ ስለሚመጣ መኳንንት ነበር። ይህ ሰው በእንግሊዝ ምድር ቤት ይገዛል፣ የአገሩን ልሳን ያጠናል፣ ከዚያም የነዋሪዎቹን ደም ይመጣል። ከሥነ ጽሑፍ ሐያሲዎች አንዳንዶቹ ድርሰቱን የቅኝ ገዢ ሕዝብ ሥጋት አድርገው አንብበውታል፤ በሌላው አገር ላይ የሠራነው በእኛም ላይ ይደርስ ይሆን የሚል ሥጋት።

በዚያው ዓመት በጁላይ ወር፣ የብሪታንያ ግዛት ካምፓላ ላይ ከጸና ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ የቡጋንዳው ካባካ ዳግማዊ ምዋንጋ የመንጎ ቤተ መንግሥቱን ጥሎ ወደ ቡዱ በመሄድ ዐመፀ። ድል ሆነ፤ በነሐሴም ከዙፋኑ ተሽሮ ሕፃኑ ዳውዲ ችዋ ነገሠ። ምዋንጋ በ1899 ተይዞ ወደ ሲሸልስ ደሴቶች ተጋዘ፤ በዚያም በ1903 ሞተ። በ1900 የተፈረመው ውል ደግሞ በየጎጆው ሦስት ሩፒ ግብር ጣለ። አንዱ ከተማ ባዕድ ገዢ እንዳይመጣበት በልብ ወለድ ሲፈራ፣ ሌላው ባዕድ ገዢ በእርግጥ መጥቶበት ነበር። አማርኛ ለዚህ የተዘጋጀ ምሳሌ አለው፤ ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል።

የካምፓላ ደም መጣጮች

ካምፓላም የራሷን የደም መጣጭ ታሪክ ለመፍጠር ጊዜ አልወሰደባትም። ከ1920ዎቹ ጀምሮ በከተማይቱና በአካባቢዋ «ባዚማሞቶ» ስለሚባሉ ሰዎች ይወራ ጀመር። ቃሉ ከስዋሂሊ የመጣ ሲሆን «እሳት አጥፊዎች» ማለት ነው። ወሬው እንደሚለው እነዚህ ሰዎች በሌሊት በመኪና እየዞሩ መንገደኛ ይይዛሉ፤ የተያዘውም በጉድጓድ ይታሰርና ደሙ እየተቀዳ ለአውሮፓውያን መድኃኒት ይውላል። ያዦቹ በደመወዝ የተቀጠሩ አፍሪካውያን ናቸው፤ የሚሠሩትን ለሚስቶቻቸውም አይናገሩም ይባል ነበር። ተመሳሳይ ወሬ በኬንያ፣ በታንጋኒካ፣ በሰሜን ሮዴዥያና በቤልጅግ ኮንጎም ተሰምቷል።

የታሪክ ተመራማሪዋ ሉዊዝ ኋይት በ2000 ባሳተመችው «ስፒኪንግ ዊዝ ቫምፓየርስ» መጽሐፍ እነዚህን ትረካዎች ከተራኪዎቹ አፍ ሰብስባ መርምራለች። ወሬው እውነት ነው ወይስ ሐሰት በሚለው ጥያቄ ላይ ከመቆም ይልቅ፣ ሰዎች ስለ ምን ለመናገር ተጠቀሙበት ብላ ጠየቀች። መልሱንም በሥራና በቅጥር፣ በመኪናና በሐኪም ቤት፣ በአዲሱ ሥርዓት የዕለት ኑሮ ውስጥ አገኘችው።

ለወሬው መነሻ የሚሆን ትዝታም አልጠፋም። በሃያኛው መቶ ዓመት መባቻ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳርቻ የገባው የእንቅልፍ በሽታ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎችን ፈጅቷል። የውጭ ሐኪሞች በእንቴቤና በአካባቢዋ የሕሙማንን ደምና ከጀርባ አጥንታቸው የሚቀዳ ፈሳሽ ወስደው መረመሩ፤ መንግሥትም ከ1906 ጀምሮ የሐይቁን ዳርቻ ነዋሪዎች ከቀያቸው አስነሣ። ዓላማው ሕይወት ማዳን ነበር። መርፌው የሚገባበት ሰው ግን የሚያየው ደሙ ወደማያውቀው ቦታ ሲሄድ፣ እርሱም አገሩን ሲለቅ ነው።

ወሬው ምን ያህል ሥር እንደሰደደ የሚያሳይ አንድ የፍርድ ቤት ጉዳይ አለ። በ1950ዎቹ ማብቂያ በኡጋንዳ አንድ ሰው ሌላውን ሰው ለእሳት አደጋ ጣቢያ ሊሸጥ ሲሞክር ተይዞ ሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሰው እንደማይገዙ በጋዜጣ መገለጽ ነበረበት። ማስተባበያው ያስቃል፤ ነገር ግን ሰው ሊሸጥ የሄደው ግለሰብ ገዢ እንዳለ ፈጽሞ አልተጠራጠረም ነበር።

የጨዋታው አፍቃሪዎች ዝርዝር እዚህም ሊፈተን ይችላል። ግንብ አለ፤ ቀይ መኪና የሚቆምበት፣ ማንም የማይገባበት የመንግሥት ቤት ነው። ደም የሚፈልግ ጌታ አለ፤ ቢሞት እንኳ በሹመት የሚተካው ሌላ ይመጣል። መመለስም አለ፤ ወሬው ከአንዱ ከተማ ጠፋ ሲባል በሌላው ይነሣል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ጅራፍ የያዘ ቤልሞንት የለም። ወደ ጣቢያው ገብቶ ጌታውን ድል ያደረገ ጀግና በወሬው ውስጥ አይገኝም፤ የሚተረከው ያመለጠ ሰው ነው። ጅራፉ በጌታው እጅ ነበርና። ስለዚህም የካምፓላ ሰዎች የቀራቸውን መሣሪያ ያዙ፤ ቃልን። የደረሰባቸውን ነገር በስሙ ባይጠሩትም መልክ ሰጡት፤ ለልጆቻቸውም በሌሊት ከማን መራቅ እንዳለባቸው ነገሩ።

ይህን ሁሉ ወደ አማርኛ ሊመልስ ለሚቀመጥ ሰው ቃሉ ራሱ ያግዘዋል። «ደም መጣጭ» በአማርኛ ከሬሳ ሣጥን የሚነሣ መኳንንት ከመሆኑ በፊት በሌላው ድካም የሚከብር ሰው ነው፤ የአብዮቱ ዘመን መፈክሮችም ቃሉን በባላባቱና በከበርቴው ላይ ሲያውሉት ቆይተዋል። አማርኛ ተናጋሪ የካምፓላን ወሬ ለመረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ይልቅስ ሊያስብበት የሚገባው የስያሜው ሚዛን ነው። ለንደን የፈራችው ሥነ ጽሑፍ ተባለ፤ ጃፓን የተጫወተችበት ጥበብ ተባለ፤ ካምፓላ የተናገረችው ግን ለረጅም ጊዜ የመሃይማን ወሬ ተብሎ ተናቀ። ሦስቱም ግን በአንድ አጥንት የቆሙ ናቸው።

የቪዲዮ ጨዋታ አፍቃሪዎች ለዓመታት የተከራከሩበት ነገር እንግዲህ ተራ የትርፍ ጊዜ ክርክር ብቻ አልነበረም። ድራኩላ ደጋግሞ መነሣቱን ይቀበላሉ፤ ካልተነሣ ጨዋታው የለም። የማይቀበሉት የገጠመው ሰው ዳግመኛ አለመነሣቱን ነው። የካምፓላ አያቶችም ታሪኩን ደጋግመው በመንገር ያደረጉት ይህንኑ ነው። የአማርኛ ተረት ተራኪ ሲጨርስ «ተረቴን መልሱ» ይላል። የሰማ ሰው የሰማውን የመመለስ ዕዳ አለበት፤ ለሚቀጥለው ደግሞ ጅራፉን ማቀበል ማለት ነው።