ዳንስ ሲጠፋ ማን ይመልሰዋል?

«የጸደይ ሥርዓት» የተባለው የኒዢንስኪ ባሌት እ.ኤ.አ. በ1913 ፓሪስ ላይ ሲታይ አዳራሹ በጩኸት ተናወጠ። ከጥቂት ትርዒቶች በኋላ ዳንሱ ተረሳ። የስትራቪንስኪ ሙዚቃ በኖታ ተረፈ፤ እንቅስቃሴው ግን ተሟልቶ አልተጻፈም ነበር። በ1987 ሚሊሰንት ሆድሰን መልሳ ስታቆመው ከረዷት ነገሮች አንዱ ቫለንታይን ግሮስ ተመልካች ሆና የሳለቻቸው ንድፎች ናቸው።

እኔ ሳንጃ ቁጭ ብዬ ባሌት በስልኬ የማሳድድ ኮድ ጸሐፊ ነኝ። ፋይል ቢጠፋብኝ ቅጂ አለኝ። የዳንስ ቅጂው ግን ያየው ሰው ነው።

ነገሩ እኛም ጋ ይደርሳል። በ1996 እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ውስጥ ከመቶ በላይ የጎዳና ልጆችን በ«ካርሚና ቡራና» አስደነሰ፤ ከዚያም አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተወለደ። የአዱኛው ጁነይድ ጀማል ሰንዲ በ2004 የጃፓናዊው ሳቡሮ ተሺጋዋራ ደቀ መዝሙር ለመሆን ተመረጠ። ማልዱም ደግሞ በ2003 በርሊን ላይ ያንኑ «የጸደይ ሥርዓት» ከ250 ልጆች ጋር ሠራ፤ ፊልሙም ዓለምን ዞረ።

የአዲስ አበባውን ያዩ ሰዎች ዛሬም አብረውን አሉ። ማን የት እንደቆመ፣ ጭብጨባው ሲነሳ ልጆቹ እንዴት እንደሆኑ ሳይረሱት እንጠይቃቸው። አድናቂነት ማጨብጨብ ብቻ አይደለም፤ አይቶ ማቆየትም ነው።